ስፓይናል (በጀርባ በኩል የሚወጋ፣ የታችኛውን አካል የሚያደነዝዝ ማደንዘዣ) ከመሰጠቱ በፊት ግፊታቸው የሚወርድ አረጋውያንን መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ሰሞኑን አይቪሲን (ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ደም ሥር) በአልትራሳውንድ ማየት ላይ እጄ እየተፍታታ ስለመጣ ትንሽ ልኩራራ።

ጅማሬው ብዙ አያስቸግርም። ፕሮቡን (የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ) ከደረት አጥንቱ ጫፍ በታች ታስቀምጣላችሁ፣ ጉበትን አልፎ ቀኝ ኤትሪየም (የልብ ቀኝ የላይኛው ክፍል) የሚገባውን ሥር ትፈልጋላችሁ። ከአኦርታ (ደም ከልብ ከሚያወጣው ትልቁ ሥር) ጋር እንዳይምታታባችሁ ወደ ልብ ሲገባ እዩት።

እኔን ያደከመኝ ትንፋሽ ነው፤ የምንለካው ሥሩ ትንፋሽ ሲሳብ ምን ያህል እንደሚጠብ ነውና። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከሰፊው ጠባቡን ቀንሶ ለሰፊው ማካፈል። 2 ሴንቲሜትር የነበረው 1.2 ከሆነ 40 በመቶ ተጨማደደ ማለት ነው። ግን አዛውንቱን "አባባ፣ ይተንፍሱ" ስትሏቸው ሐኪም ደረታቸውን ሲያዳምጥ የለመዱትን ያንን ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ፣ ሥሩ ጥፍት ይላል፣ ቁጥሩም ሰማይ ይነካል። ዝም በሉ ማለትም አይሠራም፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አሁን ምንም አልልም። ፕሮቡን አስቀምጬ ሆዳቸውን እያየሁ እስኪረሱኝ እጠብቃለሁ። ሌላው ጣጣ፣ ሥሩ በትንፋሽ ወደ ጎን ስለሚሸሽ የኤም ሞድ መስመሩ (የሥሩን ስፋት ለውጥ የሚከታተለው የማሽኑ መስመር) ከመሃሉ ይወጣና የጠበበ ያስመስለዋል። ስለዚህ ፕሮቡን አዙሬ በአግድምም ሳላይ ቁጥር አልጽፍም። ጫን ማለትም ሥሩን ይደፈጥጠዋል፣ በተለይ ከሲታ ሰው ላይ።

ይህን ሁሉ ለፍቼም ቁጥሩን ብቻ የሚያምን ሰው አይገባኝም። አይቪሲ የሚነግረን በዋናነት በሰውነት ውስጥ ስላለው ፈሳሽ ነው። ስፓይናል ግን የሲምፓቴቲክ ነርቮችን ዘግቶ ደም ሥሮችን ያላላል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ግፊቱን ተሸክሞ የያዘው የሥሮቹ ጥበት ነው። አይቪሲው ሞልቶ እያያችሁትም ቢፒው (የደም ግፊቱ) ዘጭ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄዬን አበዛለሁ። ጠዋት ኢናላፕሪል (የግፊት መድኃኒት) ወስደዋል? ውሃ ከመቼ ጀምሮ አልቀመሱም? የፕሮስቴት ታካሚ ከሆኑ ደግሞ "የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። "ኧረ የለም ልጄ" ይሏችኋል፤ ታምሱሎሲን ለእሳቸው የሽንት ኪኒን ነዋ! እሱም ደም ሥር ያላላል። መነሻ ቢፒም ከዋርድ ቻርት ውሰዱ፣ ጠረጴዛው ላይ የተለካው ፍርሃት ያለበት ነው።

ፍሉድ (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) አስቀድሞ ማንቆርቆር ለአዛውንት ልብ አይስማማም ባይ ነኝ። ቢሆንም የደረቁ መስለው ከታዩኝ እጄ ወደ ከረጢቱ መሄዱ አልቀረም፣ ልማድ ክፉ ነው። አይቪሲው 20 በመቶ አለም 50፣ ግፊት የሚያነሣው ኤፌድሪን ቀድሞ በሲሪንጅ ይቀዳ፣ ግፊቱም በካፍ (በክንድ ላይ በሚታሰረው መለኪያ) ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች በየደቂቃው ይለካ። በየ5 ደቂቃው ከተዋችሁት መውረዱን ከማሽኑ በፊት የሚነግራችሁ የታካሚው ማቅለሽለሽ ነው።