ሃብልን 19 ዓመት ያቆዩት ባትሪዎች፦ የስድስት ሳምንት ማስታወሻዬ

ሰላም ጓደኞች። ከጻፍኩላችሁ ሰነባበትኩ። የጠፋሁት በአንድ ባትሪ ምክንያት ነው። ኒኬል ሃይድሮጅን ይባላል። ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙት ዓይነት አይደለም፤ ኑሮው ከሞላ ጎደል ጠፈር ላይ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለሱ ሳነብ፣ ጠረጴዛዬ ላይም የዘመዱን ባትሪ ሳሰቃይ ከረምኩ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የተጀመረው የቤቴ የሶላር ባትሪ በሁለት ዓመቱ ሲሞትብኝ ነው። ማታ ሁለት አምፖል አብርቶ ስልክ ቻርጅ ማድረግ አቃተው። በጣም ነበር የከፋኝ። ከባትሪ ሁሉ ረጅም ዕድሜ የኖረው የቱ ነው ብዬ ስፈልግ ጠፈር ላይ ሆኖ ከዋክብትን የሚያየው ሃብል ቴሌስኮፕ ላይ ደረስኩ። ሃብል በ1990 ስድስት ባትሪ ይዞ ወጣ። እነዚያው ስድስቱ እስከ 2009 ሠሩ። 19 ዓመት! ከታሰበላቸው ዕድሜ 13 ዓመት የበለጠ ማለት ነው። የተቀየሩትም ግንቦት 2009 ጠፈርተኞች በአትላንቲስ መንኮራኩር ሄደው፣ ሦስት ሦስቱን በአንድ ሳጥን አድርገው፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ውጭ ወጥተው በእጃቸው ነው። አንዱ ባትሪ ብቻውን ወደ 57 ኪሎ ይመዝናል።

19 ዓመት ሲባል ግን እኛ የምናውቀው ዓይነት 19 ዓመት እንዳይመስላችሁ። ሃብል ምድርን አንዴ ለመዞር 97 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ውስጥ እስከ 36 ደቂቃ የሚሆነውን የሚያሳልፈው በምድር ጥላ ውስጥ ነው። ጥላ ውስጥ ሶላሩ ምንም አይሰጥም፤ ሁሉም ነገር በባትሪ ይሠራል። ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ባትሪው በቀረው አንድ ሰዓት ሞልቶ መጠበቅ አለበት። ቀን፣ ሌሊት፣ ቀን፣ ሌሊት፤ በእኛ አንድ ቀን ውስጥ 15 ጊዜ ያህል። በስልክ ማስያዬ አባዛሁት። በ19 ዓመት ከ100 ሺህ ዙር በላይ ይመጣል። የኔ የሶላር ባትሪ በቀን አንድ ዙር ነበረው፤ በሁለት ዓመት 730 መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የያዘኝ። ውስጡ ምን ቢኖር ነው?

እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ባትሪው የሚገጣጠመው ሴል ከሚባሉ ክፍሎች ነው። ሴሉን ስታዩት ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ይመስላል፤ ሁለቱም ጫፉ ክብ የሆነ፣ ኢንኮኔል ከሚባል ጠንካራ የኒኬል ቅይጥ የተሠራ። ውስጡ ስስ ስስ ሳህኖች ተደራርበዋል። አንዱ ወገን ኒኬል ነው፤ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ላይ ያለው ዓይነት። ሌላው ወገን በፕላቲነም የተቀባ ሳህን ነው። መሃላቸው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የጠጣ ጨርቅ አለ። ፕላቲነሙ ራሱ አይበላም። ሥራው ሃይድሮጅን ጋዝ እላዩ ላይ እንዲፈጠርና ተመልሶ እንዲገባ ማገዝ ብቻ ነው። ቻርጅ ስታደርጉት ሃይድሮጅን ይወጣና ሲሊንደሩን ይሞላል። ስትጠቀሙበት ሃይድሮጅኑ ተመልሶ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጋዙ ራሱ የተጠራቀመው ኃይል ነው ማለት ይቻላል።

አንዱ ሴል 1.25 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። የሃብል ባትሪ 22 ሴል በተከታታይ አለው፤ 27.5 ቮልት ይመጣል። ይህቺን ሳሰላ ደስ አለኝ፤ ብዙ መንኮራኩሮች ላይ የሚጠቀሰው 28 ቮልት ከየት እንደሚመጣ ያኔ ነው የታየኝ።

ግፊቱ ደግሞ አለላችሁ። ሴሉ ሲሞላ እስከ 1200 ፒ.ኤስ.አይ. ሊደርስ ይችላል። ጎሚስታ ጋ የመኪና ጎማችንን የምናስነፋው በ30 እና 35 ነው። ታዲያ ይህ ግፊት ሸክም ብቻ ሳይሆን ትልቅ ጥቅም አለው። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ይናገራል! ቤት ውስጥ ጋዝ ማለቁን ለማወቅ ሲሊንደሩን ብድግ እናደርገው የለ? እዚህም እንደዚያ ነው፤ ግፊቱ ከፍ ካለ ሞልቷል፣ ከወረደ ጎድሏል። የሴሉ ግድግዳ በግፊት ሲወጠር ያንን ጥቃቅን ለውጥ የሚለካ መለኪያ ይለጠፍበትና መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው ያነቡታል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ በራሴ ሙከራ ነው። አሁን ወደሱ ልምጣ።

እውነተኛውን ኒኬል ሃይድሮጅን ማግኘት አይታሰብም። እናንተም ሃይድሮጅን ቤት ውስጥ አምቃችሁ ለመሥራት እንዳትሞክሩ፤ ይህንን ከልቤ ነው የምለው። ስለዚህ የቅርብ ዘመዱን ያዝኩ፤ ቻርጅ የሚደረገውን የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ፣ ለሪሞትና ለካሜራ የምንጠቀምበትን። ኒኬሉ ያው ነው። ልዩነቱ ሃይድሮጅኑ በጋዝ መልክ ከመጠራቀም ይልቅ ብረት ውስጥ ሰርጎ መቀመጡ ነው። 2000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የተጻፈባቸውን አራት ገዝቼ በተከታታይ አሰርኳቸው። አርዱዊኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሁለት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ባትሪውን የሚያፈስ አንድ 3.9 ኦም 10 ዋት ሬዚስተር። የሃብልን ኑሮ ለማስመሰል 34 ደቂቃ ጥላ፣ 61 ደቂቃ ፀሐይ። በጥላው ወደ 1.2 አምፒር ይወጣል፣ በፀሐዩ 0.8 አምፒር ይገባል። ስታሰሉት በየዙሩ ከባትሪው ሩብ በላይ፣ 35 በመቶ ገደማ ይወጣል። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ኒኬል ሃይድሮጅን ባትሪዎችም የታቀዱት ለ35 በመቶ ስለነበር ነው እሱን የመረጥኩት።

የመጀመሪያው ትምህርት በሁለተኛው ቀን መጣ። ቮልቴጁን አይቶ ምን እንደቀረ ማወቅ አይቻልም! 5.2 ይልና ቶሎ 4.9 አካባቢ ይወርዳል፤ ከዚያ ዝም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያው ቁጥር ነው። ልቆም ነው አይል፣ ብዙ አለኝ አይል። ኒኬል እንዲህ ነው ጠባዩ። የግፊቱን ጥቅም የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ዋጋ አስከፈለኝ። አምስተኛው ቀን ላይ መብራት ጠፋ። እኔ ሥራ ነበርኩ። ሬዚስተሩን ያሰርኩት ሪሌው ኃይል ሲያጣ በሚገናኘው ጫፍ ላይ ነበር፤ ስለዚህ መብራቱ ሲሄድ አርዱዊኖው ተኛ፣ ሪሌው ተለቀቀ፣ ባትሪው ያለማቋረጥ በሬዚስተሩ መፍሰስ ጀመረ። ቤት ስደርስ ሬዚስተሩ ገና ይሞቃል። ቴስተር አውጥቼ አንድ በአንድ ለካሁ። 1.08። 1.11። 1.09። አራተኛው ላይ የመቀነስ ምልክት መጣ፤ ‑0.21። ገመዱን ገልብጬ የያዝኩ መስሎኝ ቀይና ጥቁሩን አየሁ። ልክ ናቸው። ሦስቱን ደግሜ ለካሁ፤ ደህና ናቸው። አራተኛው ግን በእውነት ተገልብጧል። ያለውን ጨርሶ ባዶ ከሆነ በኋላም ሦስቱ ጓደኞቹ ኤሌክትሪክ እየገፉበት ወደ ኋላ ቻርጅ አድርገውታል።

በኋላ ለብቻው ፈተሽኩት። 2000 የተጻፈበት ድንጋይ 1100 ብቻ ነው የያዘው። ከአንድ ሱቅ በአንድ ማሸጊያ የገዛኋቸው ናቸው። እንግዲህ ከዚህ ወዲህ ማንኛውንም ድንጋይ ሳልለካ አላስርም። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ በተከታታይ ሲታሰሩ ደካማው ነው የሚሞተው፣ ሲሞትም ሌሎቹ ናቸው የሚገድሉት። ሬዚስተሩንም ወደ ሌላኛው የሪሌ ጫፍ አዛወርኩት። አሁን መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይለቀቃል።

ይህ ብስጭት ግን ወደ ዋናው ነገር መራኝ። ኒኬል ሃይድሮጅን እንዲህ ቢገለበጥ ምን ይሆናል? መልሱን ሳነብ ሁለቴ ነው የደገምኩት። ሲገለበጥ በኒኬሉ ሳህን ላይ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ያው ሃይድሮጅን በፕላቲነሙ ሳህን ላይ ይበላል። አንዱ ጋ የተፈጠረው ሌላው ጋ ያልቃል፣ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው። ከመጠን በላይ ቻርጅ ቢደረግስ? ያኔ ኒኬሉ ኦክስጅን ያወጣል። ኦክስጅኑ በሃይድሮጅን ወደተሞላው ጋዝ ይገባና ፕላቲነሙ ላይ ከሃይድሮጅኑ ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል። ውሃውም ወደመጣበት ይመለሳል። ሌሎች ባትሪዎችን የሚገድሉት ሁለቱ ትልልቅ በሽታዎች እዚህ ሴል ውስጥ መድኃኒታቸው አብሮ ተቀምጧል። ለኔ ከስድስቱ ሳምንት ሁሉ ትልቁ ግኝት ይህ ነው። የኔ የሶላር ባትሪ በየቀኑ ሲጎዳ ጉዳቱ ተጠራቅሞ ነው የሞተው፤ የሃብል ባትሪ ግን ራሱን እያከመ ኖረ።

እርግጥ ሙቀቱ መውጣት አለበት። ሲሞቅ ኒኬሉ ቻርጁን በደንብ አይቀበልም፣ ኦክስጅን ማውጣት ያበዛል። ለዚህ ነው ቀዝቀዝ ብለው፣ ዜሮ ዲግሪ እና ትንሽ ከዚያ በላይ ላይ የሚያዙት።

ሌላው ከአእምሮዬ ያልወጣው ነገር የፈሳሹ ውፍረት ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው 31 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነበር። ናሳ በሚደግፈው ሙከራ ላይ ወደ 26 በመቶ ሲያቀጥኑት፣ በየዙሩ 80 በመቶ እያወጡ፣ ከ3,500 ዙር ወደ 40,000 ዙር ገደማ ደረሰ። ከአሥር እጥፍ በላይ! ወፍራሙ ፈሳሽ ኒኬሉ በየዙሩ ይበልጥ እንዲያብጥ ያደርገው ነበር፤ ሳህኑ እያበጠ እየተኮማተረ ነበር የሚፈርሰው። አዲስ ብረት አልተፈለሰፈም፣ ውሃ ነው የተጨመረው። አንድ ሰው በትዕግሥት ተቀምጦ ዙር ሲቆጥር እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ማለት ነው፤ ይህን ካነበብኩ በኋላ የኔንም መዝገብ በቁምነገር መያዝ ጀመርኩ።

ታሪኩን ባጭሩ። የመጀመሪያው የፈጠራ ማረጋገጫ በ1964 በሶቭየት ኅብረት ነው። አሜሪካኖቹ በ1970 አካባቢ ሥራውን ጀመሩ፤ በ1977 ኤን.ቲ.ኤስ.-2 በተባለች የባሕር ኃይል ሳተላይት ላይ በረረ። በ1983 ወደ ኢንቴልሳት 5 የስልክና የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ገባ። እነዚያ በ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ ኑሯቸው ከሃብል በጣም የቀለለ ነው። ጥላ የሚያገኛቸው በዓመት ሁለት ወቅት ብቻ ነው፤ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ጊዜ፣ በእኛ መስከረምና መጋቢት አካባቢ። እያንዳንዱ ወቅት 45 ቀን ያህል ይቆያል፣ ጥላውም ቢበዛ በቀን 72 ደቂቃ ነው። ማርስ ላይ ደግሞ በ2001 የተላከችው ኦዲሲና በ2005 የተላከችው ሪኮነሳንስ ኦርቢተር ይህንኑ ባትሪ ነው የያዙት።

ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። በኪሎ 55 እስከ 75 ዋት-ሰዓት ነው የሚይዘው፤ ሊትየም ከእጥፍ በላይ ይይዛል። ጋዝ ስለሆነ ቦታ ይፈጃል። ሳይነካ ቢቀመጥም ሃይድሮጅኑ ቀስ እያለ ኒኬሉን ስለሚያገኘው በቀናት ውስጥ ይጎድላል። ፕላቲነሙ ውድ ነው። ለዚህ ነው የጠፈር ጣቢያው ከ2017 እስከ 2021 ባለው ጊዜ 48ቱን ኒኬል ሃይድሮጅን በ24 ሊትየም የተካው። በ2021 ያረጁት ባትሪዎች የተጫኑበት 2.6 ቶን የሚመዝን ጭነት ከጣቢያው ተለቀቀ። ሦስት ዓመት ዞሮ መጋቢት 2024 ወደ ከባቢ አየር ሲገባ ይቃጠላል ተብሎ ነበር፤ ግን 0.7 ኪሎ የሚሆን ብረት ተርፎ ፍሎሪዳ ኔፕልስ ከተማ ውስጥ የአንድ ቤት ጣሪያ በስቶ ገባ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ናሳ ሲመረምረው ባትሪዎቹ የታሰሩበት ድጋፍ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። የተሠራው ከኢንኮኔል ነው፤ ያው ሴሎቹ ከሚሠሩበት ብረት።

ተስፋ የሚሰጠኝ አንድ ነገር ልጨምር። በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕላቲነሙን በኒኬል፣ ሞሊብደነምና ኮባልት ቅይጥ ተክተው ሴሉ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ምድር ላይ ላለ ሶላር ክብደት ብዙም አያሳስብም፤ ጓሮ ይቀመጣል። ዋጋው ከወረደ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስና ልጨርስ። ደካማውን ድንጋይ አውጥቼ ለክቼ ባረጋገጥኩት ሌላ ተካሁት፣ ቆጠራውንም ከዜሮ ጀመርኩ። መብራት እየጠፋ ብዙ ዙር አባክኖብኛል፤ ያም ሆኖ ዛሬ ጠዋት 412 ላይ ነው። በጥላው ማብቂያ ላይ ያለው ቮልቴጅ መጀመሪያ 4.88 ነበር፣ አሁን 4.83 ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሁለተኛ አራት ድንጋይ አስሬ ጥላውን ወደ 10 ደቂቃ አሳጥረዋለሁ፤ ሃብል በየዙሩ ያወጣ የነበረው 10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ። አርዱዊኖ ያላችሁና አብራችሁኝ መቁጠር የምትፈልጉ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ኮዱንና የሪሌውን አስተሳሰር እልክላችኋለሁ።