ካራቆሬ ላይ ለቡና ስንቆም

ዛሬ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬ ከተማ ወርደን ቡና ጠጣን። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ከአዲስ አበባ መሆኔን ሲሰሙ ሳቁ። «በ2017 መሬት ተንቀጥቅጦ አልጋችሁ ቢነቃነቅ አገር አወካችሁ አይደል? እኛ በ53 ስንት ሌሊት ደጅ አድረናል፣ ልጄ!»

እውነታቸውን ነው። በ1953 ግንቦት መጨረሻ ላይ የደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፈራርሷታል። እዚህም ብዙ ቤት ወድቋል፣ የደሴው አስፋልትም ተሰነጣጥቋል።

ከዚያ በኋላ መንገዱን በሌላ ዓይን አየሁት። ጣርማበር ላይ ብርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ወበቅ። ለካ ያ ሁሉ ቁልቁለት መሬቱ ወደ አፋር በኩል እየተለጠጠ፣ እየተሰበረ፣ ሲሰበርም እየተንቀጠቀጠ የወረደበት ደረጃ ነው! ስንት ጊዜ ተኝቼ አልፌዋለሁ። አሁን ደብረ ሲናን እየወጣን ነው፤ ጆሮዬ ድፍን ብሏል።