ፌስታል ውስጥ የነበረው ማስረጃ

«እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ» አለችኝ።

አምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላችን ተመድቤያለሁ። መምህራችን ሳያየው ከእጃችን የሚወጣ ወረቀት የለም፤ ባለጉዳይ ማነጋገሩና ክስ ማርቀቁ ግን የእኛ ሥራ ነው። የዛሬዋ ባለጉዳዬ ጉሊት የምትቸረችር የሁለት ልጆች እናት ናት። አባትየው ጥሏቸው ከሄደ ሰነባብቷል፤ የመጣችው ለልጆቿ ቀለብ ለመጠየቅ ነው።

ክሱን በሥርዓቱ ነበር ያረቀቅኩት። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክሱ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፤ ከግርጌው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት ክሱ በእውነት የቀረበ ስለመሆኑ ማረጋገጫ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ የሚወሰነው በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም ልክ ስለሆነ እሱንም ጠቅሻለሁ። አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ትንሿ አስም እንዳለባትስ አልጻፍሽውም?» አለች።

አልጻፍኩትም። አልጠየቅኳትማ! «የልጆቹ ወጪ በወር ስንት ይሆናል?» ነበር ያልኳት፤ «እንዴት ብዬ ልንገርሽ» ብላ ዝም ስትል በግምት አንድ ቁጥር አስቀምጬ አለፍኩ። በሰው ልጅ ጉሮሮ ላይ በግምት ማለፌ አሁንም ያንገበግበኛል።

እንደገና ቁጭ አልን። አሁን የጠየቅኳት ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደምትገዛ ነው። ዳቦ፣ ዘይት፣ ደብተር፣ የቤት ኪራይ እያለች ቆጠረችልኝ። መድኃኒቱ ላይ ስትደርስ ከያዘችው ጥቁር ፌስታል ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ የፋርማሲ ደረሰኞች አወጣች። አንዳንዱ ቀለሙ ለቋል፤ አንዱ በዘይት ወዝቷል። ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋሁ በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። አንዲት አልጣለችም።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ትምህርት ላይ ጥሩ ውጤት ነበረኝ። ክስ ከማስረጃ ዝርዝር ጋር መቅረብ እንዳለበት፣ ቁጥር 223ን፣ በቃሌ እወጣዋለሁ። ምስለ ችሎት (የተማሪዎች የልምምድ ክርክር) ላይም ተከራክሬያለሁ፤ እዚያ ግን ፍሬ ነገሩ፣ ማለትም ምን እንደተፈጠረ፣ ተጽፎ ይሰጠናል፣ የእኛ ድርሻ በሕጉ መከራከር ብቻ ነው። እዚህ ፍሬ ነገሩ ያለው ባለጉዳይዋ ፌስታል ውስጥ ነው፤ ጠይቆ የሚያወጣው ሰው ይፈልጋል። ይህን ለማየት ለምን አምስተኛ ዓመት ድረስ እንደምንጠብቅ አይገባኝም። ያውም የመውጫ ፈተና ደርሶ፣ ጓደኞቼ ማዕከሉን ከጥናታቸው ላይ እንደሚሻማ ሥራ በሚያዩበት ሰዓት! ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥግ ይዘን የባለጉዳይ ቃል ብንመዘግብ እንኳ ስንት ነገር በተማርን።

ከሰዓት መምህራችን ረቂቁን አየው፤ የደረሰኞቹን ዝርዝር አባሪ አድርጌ አተምኩት። ከመፈረሟ በፊት «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። አስም የሚለው ጋ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ክሱን ይዘን ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት እንሄዳለን።