ቀዩ ቦርሳና የወተት ጣሳው፦ ከጅማ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአውቶቡስ ስጓዝ፣ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩት ቀይ ቦርሳ ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ ይበልጥ የምተማመንበት ነበር። ቦርሳው ከውጭ አገር ተዘጋጅቶ የመጣ፣ በዱር መንገድ ለጠፋው ወይም ለተጎዳ ሰው ነፍስ ማቆያ እንዲሆን ታስቦ 30 የሚሆኑ ዕቃዎች የታጨቁበት ጥቅል ነው። ወደ ጅማ የሄድኩት በሸቤ አካባቢ በሚገኘው «በለጠ ጌራ» በሚባለው ደን ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሁለት ቀን በእግር ለመጓዝ ነበር፤ ደኑ ቡና ከትልልቅ ዛፎች ሥር በገዛ ራሱ የሚበቅልበት፣ ጉሬዛ ከላይ የሚዘልበት፣ ዝናቡም ሲመጣ ብዙ ማስጠንቀቂያ የማይሰጥበት ነው።

ጅማ ያረፍኩት በጓደኛዬ እናት ቤት ነው። ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ ቦርሳውን ምንጣፍ ላይ ዘርግፌ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። እማማ ሁሉንም በትዕግሥት ካዩ በኋላ «ይኼን ሁሉ ሞክረሽዋል ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልሞከርኩም ነበር፤ ጥያቄውም ከዚያ ሌሊት በፊት በጭራሽ አልመጣብኝም። እዚያው ግቢ ውስጥ መሞከር ጀመርን። ውሃ አይነካቸውም የተባሉት ክብሪቶች ባልዲ ውስጥ ነክረን ስናወጣቸው ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነደደ። የሽቦው መጋዝ አውራ ጣት የማያክል የዘይቱን ቅርንጫፍ ሳይቆርጥ ተበጠሰ። የኮምፓሱ መርፌ ሣጥኑን ባዞርኩት ቁጥር አብሮ ይዞራል። የውሃ ማከሚያው እንክብል ደግሞ ጊዜው ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ይህን ማሸጊያው ላይ ማንበብ የእኔ ድርሻ ነበር።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የእባብ መርዝ መምጠጫ ተብሎ የተቀመጠው ትንሽ ፓምፕ ነበር። እባብ የነደፈውን ቦታ መብጣት፣ መምጠጥም ሆነ በገመድ ጠብቆ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው የጤና ባለሙያዎች አጥብቀው ያስተምራሉ። የሚረዳው የተነደፈውን ሰው ማረጋጋት፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፎ ማቆየት፣ ቀለበትና ጫማን ከማበጡ በፊት ማውለቅ፣ ከዚያም ሰውየውን ሳያስኬዱ ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ ይዞ የሚሄድ ሰው ውድ የሆነውን ሰዓት በመምጠጥ ሊያባክነው ይችላል። እኔ ይህን ዕቃ ከመጥፎም መጥፎ አድርጌ የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ የማይሠራ ክብሪት ያበሳጫል፣ ይህ ግን ያሳስታል።

በማግሥቱ ጠዋት ገበያ ወጣን። የዛሬዋ ጅማ ያደገችው የሐሙስ ገበያዋ በአባ ጅፋር ዘመን ነጋዴዎችን ከሩቅ ይስብ በነበረው በሂርማታ ዙሪያ ነው፤ ለመንገደኛ ስንቅና ዕቃ ማሰናዳትም ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። እማማ መጀመሪያ የገዙልኝ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ምክንያታቸውን ሲነግሩኝ የቀዩ ቦርሳ ዋና ጉድለት ወለል ብሎ ታየኝ፦ የእኔ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ የመጣው በፕላስቲክ ሣጥን ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ እሳት ላይ አይጣድም። ጣሳው ግን ዕቃውን ይይዛል፣ ሲከፈት ድስት ይሆናል፣ ውሃ ያፈላል። ከምንጭም ሆነ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ተንተክትኮ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ከፈላ በሽታ አምጪ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ። ለተጨማሪ ዋስትና ከመድኃኒት ቤት ጊዜው ያላለፈ «ውሃ አጋር» የተባለ የውሃ ማከሚያ ገዛሁ።

ከጣሳው ውስጥ የገባውን በሙሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ስለ እሳቱ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በእርጥብ ደን ውስጥ ሌላው ሁሉ በእሳት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ተራውን ክብሪት በቀለጠ ሻማ ጫፉን ሸፍነን በሁለት ፌስታል ጠቀለልነው። ጥጥ በቫዝሊን አሽተን ትንንሽ እንክብል አደረግነው፤ እንዲህ ያለው ጥጥ አንዱ ብቻ ለበርካታ ደቂቃዎች ይነድዳል። ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ሄደን ደግሞ የአሮጌ ብስክሌት ካላማዳሪ ለመነን፣ ጣት በሚያህል ስፋት ቆራረጥነው። ላስቲኩ ውሃ ስለማይመጥ ረጥቦም ቢሆን ጠርገው ሲለኩሱት ይነድዳል፤ ጭሱ ጥቁርና የሚከረፋ ስለሆነ ምግብ ከመጣዱ በፊት ነድዶ ማለቅ አለበት። ይህ ሁሉ ያስወጣኝ ገንዘብ ለቀዩ ቦርሳ ከከፈልኩት አሥር አንዱን አይደርስም።

ስንቁን እማማ ራሳቸው አሰናዱት፦ በሶ፣ ቆሎ፣ በትንሽ ጣሳ ደግሞ በቅቤ የተቆላ ቡና፣ በኦሮምኛ «ቡና ቀላ» የሚሉት። በ18ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ኦሮሞዎች ረጅም መንገድ ሲወጡ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚሄዱ መዝግቧል። በቀዩ ቦርሳ ውስጥ የነበረው የታሸገ ብስኩት መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው በድካምና በፍርሃት ጊዜ ሆዱ የሚቀበለው የለመደውን ነው።

ከቀዩ ቦርሳ ይዤ የሄድኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ፊሽካውን፣ የቁስል ማሰሪያ ፋሻዎቹን፣ እንዲሁም ተጣጥፎ መዳፍ የሚያህለውን ብርማ ብርድ ልብስ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘን። ጠዋት በድንጋይ ላይ የተሻገርነው ጅረት ስንመለስ ደፍርሶና ሞልቶ አገኘነው። መንገድ መሪያችን የነበሩት አዛውንት ውሃውን ለአፍታ አይተው «ዛሬ አንሻገርም» አሉ፤ የቡና ጠባቂዎች ወደሚያድሩበት ጎጆም መለሱን። እንጨቱ ሁሉ ርሷል። አባባ በሰንጢያቸው የወደቀውን ግንድ ቅርፊት ልጠው ከውስጡ ደረቁን ፈለጡ፣ እኔ አንድ የካላማዳሪ ቁራጭና ሁለት የቫዝሊን ጥጥ ሰጠኋቸው፣ እሳቱም በመጀመሪያው ክብሪት ተያያዘ። ካላማዳሪውን ሲያዩ «ይኼን ማን አስተማረሽ?» ብለው ፈገግ አሉ፤ እርሳቸውም ኪሳቸው ውስጥ ነበራቸው።

ከጓደኞቼ አንዱ ግን መንቀጥቀጡ አልተወው አለ፤ ሲናገር ቃላቱ መጎተት ጀመሩ። ብርድ ወደ ውስጥ እየገባ መሆኑን ስለተረዳሁ እርጥብ ልብሱን አስወልቀን ደረቅ ሹራብ አለበስነው፣ ከሥሩ ቅጠል አነጠፍን፣ ጋቢ ደርበን በላዩ ብርማውን ብርድ ልብስ ጠቀለልንበት። ያ ስስ ነገር በራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከሰውነት የሚወጣውን ሙቀት ወደ ሰውነት ይመልሳል፣ ንፋስና ውሃም ይከለክላል። ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ከጣሳው ጠጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡ ቆመ። እንዲህ ያለውን ብርድ ልብስ በቤቴ ልሠራው አልችልም፤ የፋብሪካ እጅ ያስፈልገዋል። ጋቢው ብቻውን ይበቃ ነበር ብዬም አልከራከርም፣ ጋቢው ጫፍና ጫፉ ረጥቦ ነበርና።

ወንዙ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጎደለ፣ እኛም ተሻገርን። ጅማ ስንደርስ ዕቃውን እንደገና ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩት። የተጠቀምንበትን ክብሪትና ጥጥ ተካሁ፣ የውሃ አጋሩን ማብቂያ ቀን በወረቀት ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ፣ ሁለተኛ ብርማ ብርድ ልብስም ለመግዛት ወሰንኩ። የእባቡን ፓምፕ ሰባብሬ ጣልኩት፤ ለሌላ ሰው መስጠቱን ኅሊናዬ አልፈቀደም። ቀዩ ቦርሳ ጨርቁ ጠንካራ ስለሆነ ጣሳው አሁን የሚያድረው በእርሱ ውስጥ ነው። የኮምፓሱ ቦታ ግን እስካሁን ባዶ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አዙሬ ሞክሬው መርፌው በቦታው የሚጸና አንድ እስካገኝ ድረስ እንደዚያው ይቆያል።