«መቼ ይፈታል?» ከማለታችሁ በፊት አንቀጹን ጠይቁ

ሰው ሲታሰርብን ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «መቼ ይፈታል?» እናት ትጠይቃለች፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ምሳ ይዛ ጣቢያ በር ላይ የቆመች እህት ትጠይቃለች። እኔ የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ያለ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን የክስ ወረቀት በየቀኑ በእጄ ያልፋል፣ አነበዋለሁም (ኮፒ አድራጊ አያነብም ያላችሁ ማን ነው?)። ይህን ሁሉ ወረቀት ሳገላብጥ የገባኝ፣ የ«መቼ» መልስ ያለው አንቀጹ፣ ማለትም ሰውየው የተከሰሰበት የሕግ ቁጥር፣ ላይ መሆኑ ነው። ዋስትናውም፣ እርቁም፣ ቅጣቱም የሚወሰነው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። ቤተሰብ ግን ቁጥሩን አያየውም።

በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ፖሊስ ሲወስደው ከታየ አለቀለት፣ እስከ ማታ «ወንጀለኛ» ሆኖ ያድራል። ሕጉ እንደዚያ አይልም። ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል። ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ ብቻ ነው። ክስ እንኳ ተመሥርቶበት እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ በግልጽ ተጽፏል። አንዳንዱ መዝገብ እኮ ክስ ላይ ሳይደርስ ይዘጋል።

የተያዘ ሰው መብት ያለው ደግሞ አንቀጽ 19 ላይ ነው። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል። ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይህ ለከተማ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል፣ ደቅ ደሴት ላይ ለተያዘ ሰው ግን ከባሕር ዳር የሚለየው የጣና ውሃ ነውና ትርጉም አለው። ቢሆንም የማይቆጠረው ለጉዞው በእውነት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው እንጂ ጣቢያ ተቀምጦ «ነገ እንወስድሃለን» እየተባለ የሚያልፈው አይደለም።

በ48 ሰዓቱ ካልቀረበስ? እሱ ራሱ ወይም ስለ እሱ ሌላ ሰው «አካልን ነፃ ማውጣት» የሚባለውን አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ዘመድ ፍለጋ ስልክ መደወል ነው፤ «እዚያ ቢሮ ሰው ታውቃለህ?» እየተባባለ ሁለት ቀን ይሄዳል።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ሰውየው ታስሮ የሚቆይበት ተጨማሪ ጊዜ፣ ይጠይቃል። ለአሥርተ ዓመታት የተሠራበት የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። «በአንድ ጊዜ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ ቀጠሮው እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ቀን ላይ ተጠርጣሪው ዝም ብሎ መቆም የለበትም። «ባለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራ? የቀረው ምንድን ነው? እኔ ውጭ ብሆን የሚበላሸው የቱ ነው?» ብሎ መከራከር ይችላል። ዋስትና የሚከለከልበትም ምክንያት በሕጉ ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው። የዋስትናውን ግዴታ አክብሮ አይቀርም ተብሎ ሲታመን፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ሲባል፣ ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል የሚል ስጋት ሲኖር ነው። ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ የተጎዳው ሰው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነም ይከለከላል። አያችሁ? እዚህም ያው አንቀጹ ነው።

ይህ ሁሉ በመደበኛ ጊዜ ነው። ክልላችን በ2015 ክረምት አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅበት ያየነውን አይተናል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በእንዲህ ያለ ጊዜ ጨርሶ የማይነኩ መብቶችን ሲዘረዝር ከኢሰብዓዊ አያያዝ መጠበቅን አስገብቷል፣ 48 ሰዓቱን ግን አላስገባም። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ መብቱ የበለጠ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው የሚነሳው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የክስ ወረቀት ለማያውቀው ያስፈራል፣ ሲለምዱት ግን ቅርጹ አንድ ነው። ከላይ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ። ቀጥሎ «የተጣሰው ሕግ» ከነአንቀጹ። ከዚያ «የወንጀሉ ዝርዝር»። በመጨረሻ የምስክሮችና የማስረጃ ዝርዝር።

አንድ የባጃጅ ሹፌር በተራ ተጣልቶ ሌላውን ሹፌር መታው። የክሱ ዝርዝር እንዲህ የሚል ነበር፦ «ተከሳሽ የሰው አካል ለመጉዳት አስቦ ከጠዋቱ በግምት 2፡30 ሰዓት ሲሆን የግል ተበዳይን በጎማ መፍቻ ብረት ግራ ቅንድቡ ላይ በመምታት ስላቆሰለው በፈጸመው ቀላል የአካል ጉዳት ማድረስ ወንጀል ተከሷል።» አንቀጹ 556(2)(ሀ)። እናቱ ወደ እኔ የመጡት ክሱን ሊያሳዩኝ አልነበረም። የእርቅ ወረቀት ላስጽፍ ብለው ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ የሕክምናው ተከፍሏል፣ ተበዳዩም ይቅር ብሏል፣ ጉልበት ተስሟል። «የኔ ልጅ፣ ይቅር ብያለሁ የምትል ወረቀት ጻፍልኝና ዛሬውኑ ይፈቱልኛል» አሉኝ።

«እማማ፣ ክሱን ይዘውታል?» አልኳቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡት።

የወንጀል ሕጋችን (የ1996ቱ ማለቴ ነው) 556 ንዑስ አንቀጽ 1 ላይ ተራውን ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ፣ ማለትም ተበዳዩ ካላመለከተ ክስ የማይቀርብበት፣ ያደርገዋል፤ ቅጣቱም መቀጮ ወይም ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ግን ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ ሲፈጸም ነው። እዚያ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያስቀጣል፣ «በግል አቤቱታ» የሚለውም የለም። በሌላ አነጋገር ተበዳዩ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይዞ ሊቀጥል ይችላል። እርቁ ቢበዛ ቅጣት ያቃልላል። እኛ አገር ይህ ለሰው አይዋጥለትም። ባለ ደሙ ታርቆ፣ አብሮ በልቶ፣ መንግሥት ምን ቤት ነው? ይላሉ። እውነት ለመናገር እኔም ስሜቱ ይገባኛል።

እና የዚያ ልጅ ጉዳይ ሁሉ የተንጠለጠለው አንዲት ብረት ላይ ነበር። ልጁ በቡጢ ነው የመታሁት ይላል። ቤተሰቡ ግን ሽምግልናው ላይ ተጠምዶ ስለ ብረቱ ማንም አልጠየቀም። በኋላ አንድ ጠበቃ ይዞለት ምስክሮች ሲሰሙ፣ ጥያቄው ሁሉ ወደ ብረቱ ሄደ። ሲመታው አይተሃል ወይስ እጁ ላይ ነው ያየኸው? ከመምታቱ በፊት ነው በኋላ? ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ነበረበት፣ አልቻለም። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ንዑስ አንቀጽ 1 አወረደው፤ የእናቱ የእርቅ ወረቀትም ያኔ ዋጋ አገኘ።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር የእምነት ክህደት ቃል ነው። ዳኛው ክሱን አንብቦ «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ?» ሲል፣ ከቤት የተመከረው «እመን ይቀልልሃል» ነው። ጥፋትን አምኖ መጸጸት ቅጣት እንደሚያቀል እውነት ነው። ግን ምኑን ነው የምታምነው? «አዎ መትቼዋለሁ» ብሎ ማቆምና «መትቼዋለሁ፣ ግን እሱ ቢላ ይዞ ስለመጣብኝ ነው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ሁለተኛውን ሕጉ እንደ ክህደት ነው የሚመዘግበው፣ ማስረጃ ይሰማል፣ ሕጋዊ መከላከል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ስለዚህ አንጀት ያረረበትን ነገር ዋጥ አድርጎ «አዎ» ብቻ ማለት አያስፈልግም። ዝም ያለ ሰውም እንደ ካደ ይቆጠራል እንጂ እንዳመነ አይደለም።

«ጠበቃ የምንከፍለው ከየት አምጥተን?» ትሉኛላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል ይላል። ዳኛውን «የመክፈል አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ጋ መጥታችሁ ማመልከቻ ከማስጻፋችሁ በፊት ማለቴ ነው። ገበያዬን እየዘጋሁ መሰለኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለቤተሰብ። ክሱ ለተከሳሹ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ያንን ወረቀት አስኮፕታችሁ አንዱን ቤት አስቀምጡ፣ አንዱን ለጠበቃው ስጡ። የሕክምና ማስረጃና የምስክር ስም ካለ አብራችሁ አያይዙት። ተፈርዶ ይግባኝ ካሰባችሁ፣ ማስታወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ነው የሚገባው፣ ዝርዝር ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ። ሰው ተፈረደ ብሎ ለቅሶ ላይ ሲሰነብት ቀኑ ያልፋል። ግልባጩን እዚያው ፍርዱ በተነበበበት ቀን ጠይቁ።