ጊታሩ ለማሲንቆው የተቃኘበት ምሽት

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ መስኮቱን ከፈትሁ። ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሹራቡ እንደገና ተለበሰ። የጦሳ ተራራ ግማሽ አካሉን በጉም ሸፍኖ ተቀበለን።

የሄድሁት ለአንድ ባንድ ስል ነው። አምስት የደሴ ልጆች ናቸው፤ አሳታሚም አስተዳዳሪም የላቸውም፤ ዘፈኖቻቸውን ራሳቸው ቀድተው በዩቲዩብ ይለቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በጠባብ መድረኮች ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ በትውልድ ከተማቸው ግን ሙሉ ዝግጅት አቅርበው አያውቁም ነበር። መድረኩን የሚከፍት ታዋቂ ድምፃዊ ከአዲስ አበባ እንዲያመጡ ቢመከሩም እሺ አላሉም። የጋበዙት የከተማዋንና የአካባቢዋን ሰዎች ነው።

ከሰዓት በኋላ በድምፅ ፍተሻው ላይ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ከአምባሰል የመጡ ሽማግሌ የማሲንቋቸውን ደጋን በእጣን እያሹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎኑን ከቆዳው ፊት ለፊት ሲያቆመው ፉጨቱ ጆሮ በጠሰ፤ ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን ሲያዞረው ግን የፈረስ ጭራው ፍትጊያ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ሌላ ችግር መጣ። የማሲንቆው ድምፅ ከኪቦርዱ ቁልፎች በአንዱም ላይ አልወደቀም፤ በሁለት ድምፆች መካከል ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው መቃኛውን ሊያጠብቁ እጃቸውን ሲዘረጉ ጊታር ተጫዋቹ አስቆማቸው።

«ይተዉት ጋሼ፣ እኛ ወደ እርስዎ እንመጣለን።»

«ለጉሮሮዬ የሚስማማው እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ጊታር ተጫዋቹ ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ አላላ፤ ቤዙ ተከተለ፤ ኪቦርዱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለዚህ ሲባል የፍተሻው ሰዓት ተራዘመ፤ ያጉረመረመ ግን አልነበረም። በየኮንሰርቱ መክፈቻ አቅራቢዎች በተበላሸ ድምፅና በግማሽ ብርሃን ሲጉላሉ ማየት ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ እዚህ ያየሁት ክብር ስለዚህ አንጀቴን አራሰው።

ማታ አዳራሹ ገና በጊዜ ሞላ። ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራፕ አቀረቡ፤ ግጥማቸው ጥሩ፣ ትንፋሻቸው አጭር ነበር። ቀጥላ የወጣችው የክራር ተጫዋች አንቺሆዬ የተባለውን ቅኝት ስትቃኝ ጭውውቱ ሁሉ ቆመ። ከዚያ ሽማግሌው አምባሰልን ያዙ።

ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸውን የሚጋሩት ከዚሁ ከወሎ ምድር ጋር ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች የገበያ ከተማ ናት፣ አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን ነው። በአምባሰል ዜማዋ የታወቀችውን ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰን የሰማ ሕዝብ አምባሰልን በቀላሉ አያጨበጭብለትም። ለእርሳቸው ግን እልልታው ከኋላ ወንበሮች ተነሥቶ መድረኩ ድረስ መጣ። ማሲንቆው ሳይቆም ባንዱ ገባ፤ ጊታሩ ዜማውን ከሽማግሌው ተቀብሎ የራሳቸውን የመጀመሪያ ዘፈን ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ዘፈን ሮክ ነው የሚባለው። እዚህ ከማሲንቆው ቀጥሎ ሲመጣ አምባሰልነቱ ገሃድ ወጣ፤ አጠገቤ የነበሩ እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤታቸውን ጥለው ስለወጡ ቤተሰቦች የጻፉትን ዘፈንም ተጫወቱ። በአዲስ አበባ መድረኮች ሰው ይጨፍርበታል። የደሴ አድማጭ ቆሞ፣ ቃል በቃል እያዜመ አብሮ ዘፈነው፤ ድምፃዊው ሁለተኛውን አዝማች ለሕዝቡ ትቶ ዝም አለ።

ከዝግጅቱ በኋላ ዕቃ ሲሰበሰብ ክራር ተጫዋቿን በሚቀጥለው ቀረጻቸው ውስጥ ሊያስገቧት ተስማሙ። ሽማግሌውን ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ለሚያቀርቡት ዝግጅት ከወዲሁ ያዟቸው። እኔም መቀመጫ እንዲያስቀምጡልኝ ነግሬያቸው ወጣሁ፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ለአዲስ አበባ ይቀርባል።