የልጁ መርፌ ስም ሲቀየር፦ ከሁሚራ ወደ ባዮሲሚላር

አሜሪካ ውስጥ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ቤተሰቦች ከኢንሹራንስ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ ከዚህ ቀን በኋላ ለሁሚራ አንከፍልም፣ የምንከፍለው ለእገሌ ነው የሚል። ሁሚራ ብግነቱን የሚያበርድ መርፌ ነው። ባዮሲሚላሮቹ፣ ማለትም ሌሎች አምራቾች ከእሱ ጋር በጣም አመሳስለው የሚሠሯቸው መድኃኒቶች፣ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ ይሸጣሉ። አሜሪካ ግን አምጀቪታ የተባለው ባዮሲሚላር በጃንዋሪ 2023፣ ሌሎቹ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ነው የገቡት። አዲሱ መድኃኒት እምነት የሚጣልበት ነው። ልጆችን የሚጎዳው በለውጡ ዙሪያ የሚፈጠረው ነው፤ የተሳሳተ መጠን፣ ማንም አጠቃቀሙን ያላሳየው ፔን (መድኃኒቱን በራሱ የሚወጋ መሣሪያ)፣ ያለ መርፌ ያለፈ ሳምንት።

ደብዳቤውን ስታነቡ ከንግድ ስሙ በፊት የመድኃኒቱን ስም ፈልጉ። ሁሚራ አዳሊሙማብ ነው። ሂሪሞዝ፣ ሃድሊማ፣ ሲልቴዞ፣ አምጀቪታም አዳሊሙማብ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ምርቶቹን ለመለየት ከስሙ ኋላ አራት የላቲን ፊደል ይጨመራል፤ ሂሪሞዝ ለምሳሌ አዳሊሙማብ-አዳዝ (adaz) ይባላል። ልጁ የሚወስደው ኤንብረል፣ ማለትም ኢታነርሴፕት ከሆነ ግን ቆም በሉ። የኤንብረል ባዮሲሚላሮች አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ቢያገኙም በፓተንት ክርክር ምክንያት ገበያ ላይ አልዋሉም። ስለዚህ ኤንብረልን ትቶ አዳሊሙማብ ይጀምር የሚል ደብዳቤ ልጁን ወደ ሌላ መድኃኒት ማዛወሩ ነው፤ ይህን መወሰን ያለበት ሐኪሙ ነው። በተቃራኒው፣ ዩቪያይተስ የሚባለው የዓይን ብግነት ያለበትን ልጅ ከአዳሊሙማብ ወደ ኢታነርሴፕት ማዛወር አደጋ አለው፤ ኢታነርሴፕት ዓይንን አይጠብቅም።

ባዮሲሚላር በሕያው ሴል ውስጥ የሚመረት ፕሮቲን ነው። የአሚኖ አሲዱ ቅደም ተከተል ከዋናው ጋር አንድ ነው፤ በላዩ ላይ ያሉት የስኳር ሰንሰለቶች ግን ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ትንሽ ልዩነት በዋናው መድኃኒት መካከልም ከምርት ዙር ወደ ምርት ዙር ይታያል። የማነጻጸሪያ ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በአዋቂዎች ላይ ነው፤ ለልጆች የተፈቀደው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራበት መንገድ አንድ ስለሆነ ነው። ይህን ለወላጅ በግልጽ መንገር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ተሸፋፍኖ የቀረበለት ወላጅ በኋላ ትንሽ ሕመም ሲያይ ሁሉንም በአዲሱ መርፌ ያሳብባል።

ትልቁ ጥንቃቄ መጠኑ ላይ ነው። ለልጆች አርትራይተስ አዳሊሙማብ በየሁለት ሳምንቱ የሚሰጠው በክብደት ነው፤ ከ10 ኪሎ ጀምሮ 15 ላልሞላ 10 ሚሊግራም፣ ከ15 ጀምሮ 30 ላልሞላ 20 ሚሊግራም፣ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 40 ሚሊግራም። ሁሉም አምራች ግን 10 እና 20 ሚሊግራም አይሠራም። ለአዋቂ የተሠራ የ40 ሚሊግራም ፔን ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን ማስቀረት አይቻልም፤ አንዴ ከተነሳ ሁሉንም ይለቃል። አውሮፓ ያላችሁም፣ ቤኔፓሊ የተባለው የኢታነርሴፕት ባዮሲሚላር በ25 እና በ50 ሚሊግራም ብቻ ስለሚመጣ ከዚያ ያነሰ ለሚታዘዝለት ልጅ አይሆንም። ሌላው የሚያምታታ ነገር የፈሳሹ ብዛት ነው። 40 ሚሊግራም በአንዱ ምርት 0.8 ሚሊ ሊትር፣ በሌላው 0.4 ነው፤ የሂሪሞዝ 10 ሚሊግራም ደግሞ 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ሲሪንጁ ባዶ ሊመስል ይችላል። የምታነጻጽሩት ሚሊግራሙን ነው።

ልጁ «አዲሱ ያቃጥላል» ካለ እመኑት። አንዳንዱ ምርት ሲትሬት የሚባል ጨው አለበት፣ ሲትሬት ደግሞ ያቃጥላል። ከመጀመሪያው ሲትሬት የሌለበት እንዲታዘዝ ጠይቁ፤ መርፌን መፍራት የጀመረ ልጅን መመለስ ከባድ ነው። ክዳኑን ሳትነቅሉ መርፌውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት፤ ማይክሮዌቭም ሙቅ ውኃም አይነካውም።

ፔኑ ሲለወጥ እጅ የለመደው ያሳስታል። የሁሚራ ፔን ቁልፍ ተጭነው የሚያስነሱት ነው፤ ሴንሶሬዲ የሚባለው የሂሪሞዝ ፔን ግን ቁልፍ የለውም፣ ቆዳ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ሲጫኑት ይነሳል። ቁልፍ የለመደ ወላጅ በስሱ ነክቶ ቶሎ ሲያነሳው መድኃኒቱ ቆዳ ላይ ይፈሳል። ይህ ከደረሰ በራሳችሁ ሌላ መርፌ አትድገሙ፤ ወደ ክሊኒኩ ደውሉ። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነርሷ በመለማመጃ ፔን እንድታሳያችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ አስተርጓሚ መጠየቅም መብታችሁ ነው።

ወረቀቱን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሩ። አዲስ ማዘዣ፣ የኢንሹራንስ ቅድመ ፈቃድና ብዙ ጊዜ አዲስ ስፔሻልቲ ፋርማሲ (እንዲህ ያሉ ልዩ መድኃኒቶችን የሚያቀርብ) ያስፈልጋል። ከኪስ የምትከፍሉትን የሚቀንሰው የአምራቹ ኮፔይ ካርድ ለዚያው ምርት ብቻ ስለሚያገለግል ለአዲሱ መድኃኒት እንደገና መመዝገብ አለባችሁ፤ ሜዲኬይድ (የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያለው ካርዱን መጠቀም አይችልም። አዳሊሙማብ ከደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ሁለት መርፌ ካመለጠ ብግነቱ ሊቀሰቀስ፣ ሰውነትም መድኃኒቱን የሚቃወም አንቲቦዲ ሊያበጅ ይችላል። በአሮጌውና በአዲሱ መድኃኒት መካከል ግን ማረፊያ አያስፈልግም፤ አዲሱ የሚሰጠው የአሮጌው ተራ በደረሰበት ቀን ነው።

ከለውጡ በፊት የመነሻ መዝገብ ይኑራችሁ፤ የትኞቹ መገጣጠሚያዎች እንዳበጡ፣ ጠዋት ሰውነቱ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የቅርብ ጊዜ የዓይን ምርመራ ውጤት። የልጆች ዩቪያይተስ ብዙ ጊዜ ዓይን ሳያቀላና ሳያም ስለሚሄድ ዓይኑ ደህና ይመስላል ብሎ ቀጠሮ መዝለል አይገባም። ልጁ ከመርፌው ጋር ሜቶትሬክሴት የሚባለውን ሌላ የአርትራይተስ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በዚያው ሰሞን አትቀንሱ፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተለወጠ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ወደ ኢትዮጵያ የምትሄዱ ከሆነ መርፌው በእጅ ሻንጣ፣ በቀዝቃዛ ቦርሳ ይያዝ፤ የቀዘቀዘ በረዶ በቀጥታ አይንካው፣ በረዶ የሆነ መርፌ ይጣላል። ከፍሪጅ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ከምርት ምርት ይለያያል፤ ለሁሚራ እስከ 25 ዲግሪ 14 ቀን ነው፣ የአዲሱን ከወረቀቱ አንብቡ። እንደ ቢጫ ወባ ያለ ሕያው ክትባት ለእነዚህ ልጆች ስለማይመከር ትኬት ሳትቆርጡ ሐኪሙን አነጋግሩ፤ የቲቢ ምርመራንም አንሱለት።

ከለውጡ በኋላ መገጣጠሚያው በእርግጥ ካበጠ ሐኪሙ አይቶ ይመዝግበው። በምርመራ የተረጋገጠ ብግነት ለኢንሹራንስ ልዩ ፈቃድ መጠየቂያ ይሆናል። በደሙ ውስጥ ለአዳሊሙማብ አንቲቦዲ ከተገኘ ግን ወደ ሁሚራ መመለስ አይጠቅምም፤ አንቲቦዲው ሁለቱንም ያጠቃልና የሚፈለገው ሌላ መድኃኒት ነው።